ንፋሱ ከየት በኩል ነው የመጣው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ሰሞኑን የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ንፋስ ናቸው። ወቅቱም ነው፣ ጅማ ላይ ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል ማታ ደሞ ብርዱ ጋቢ ደርበውም አይቻልም፣ ቡና ያለው ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ነው፣ ውጪ ልጅ ያለው ሰው ደሞ የዛን አገር ፎርካስት ከኛ አገር አብልጦ ይከታተላል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ስለዚ አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ የምኖረው ፈረንጅ አራዳ ነው። ልጄ ሎስ አንጀለስ ከሄደች ስድስት አመቷ። የዛ ጊዜ ያ ሁሉ ቤት ከተቃጠለ ወዲህ ንፋስ የሚባል ነገር በሰማሁ ቁጥር ወላሂ እንቅልፍ የለኝም። ትላንት ደውላ እማዬ አይዞሽ፣ ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍሰው ደረቅ ንፋስ ከሐሙስ ጀምሮ ይቀንሳል ቅዝቃዜ ይመጣል ተብሏል አለችኝና ከስልኳ ላይ ስክሪንሹት አድርጋ በዋትሳፕ ላከችልኝ፣ ታናሽ ወንድሟ አነበበልኝ። እኔ ግን አልገባኝም። እዛ አሁን የብርድ ወቅት ነው ይሉኛል፣ ታዲያ በብርድ ወቅት ንፋስ እንዴት አድርጎ ሙቀት ያመጣል? ባህር ዳር ያለ ከተማስ እንዴት ደረቅ ይሆናል? ይቀንሳል ከተባለ ልተኛ ወይስ አልተኛ?

መልስ፦ እናቴ፣ እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድቦትም። ጥያቄዎት ደሞ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ በብርድ ወቅት ንፋስ እንዴት ሙቀት ያመጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ነገሩን ግማሽ መንገድ ሄዶበታል።

መጀመሪያ የቦታውን አቀማመጥ ልንገሮት። ሎስ አንጀለስ በምዕራብ በኩል ፓስፊክ ውቅያኖስ አለ፣ በሰሜንና በምስራቅ ተራራ፣ ከተራራው ጀርባ በረሃ፣ ከበረሃው አልፎ ደሞ ኔቫዳና ዩታ የሚባሉት ግዛቶች ያሉበት ከፍ ያለ አገር። ብዙው ቦታ ከባህር ወለል በላይ 1,500 ሜትርና ከዛም በላይ ነው፣ ከኛ ጅማ ብዙም አያንስም። አብዛኛውን ቀን ንፋሱ ከባህር ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው፣ የዛ ባህር ውሃ ደሞ ከሰሜን በኩል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ አየሩን ያበርደዋል እርጥበትም ይሰጠዋል። ልጆት የለመደችው አየር ይሄ ነው።

ከጥቅምት ገደማ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግን አንዳንድ ቀን ነገሩ ይገለበጣል። እዛ ከፍታው ላይ ቀዝቃዛ አየር ይከማቻል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ በተከማቸ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ባህሩ በኩል ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ መውረጃ ይፈልጋል። መውረጃው በተራሮቹ መሀል ያሉት ጠባብ በሮች ናቸው፣ ካሆን ፓስ የሚሉት አንዱ ነው፣ እዛ ሲደርስ የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲጫኑት ውሃው እንደሚፈናጠረው ንፋሱም ይፈተለካል። ሳንታ አና የሚባለው ንፋስ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። አየር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ያውቀዋል፣ ማንም እሳት ሳያስጠጋው የፓምፑ ጫፍ ይግላል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚ እላይ 12 ዲግሪ የነበረ አየር 1,500 ሜትር ወርዶ ባህር ዳር ሲደርስ 27 ዲግሪ ሆኖ ነው፣ የፀሐዩ ሙቀት ገና ሳይጨመርበት። ውሃ ግን መንገድ ላይ የሚሰጠው የለም፣ የሚያቋርጠው በረሃ ነው። የሞቀ አየር ደሞ ብዙ ውሃ መሸከም ስለሚችል ያችው ትንሽ እርጥበት ከአቅሙ አንፃር ስትታይ ኢምንት ትሆናለች፣ 10 ዲግሪ ላይ 50 ፐርሰንት የነበረ እርጥበት 30 ዲግሪ ላይ ወደ 15 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ከ10 በታች የሚገባበትም ቀን አለ። ባህር አጠገብ መሆኑ ያን ቀን ምንም አይፈይድም፣ ምክንያቱም ንፋሱ የባህሩን አየር ወደ ውጪ እየገፋው ነው። ንፋስ ምን አጠገብ ነፈሰ ብለው አይጠይቁ፣ ከየት መጣ፣ ምን ላይ አልፎ መጣ ብለው ይጠይቁ፣ ሙቀቱም ድርቀቱም ከዛ ነው የሚታወቀው።

በነገራችን ላይ የጅማ ሰው ከፍታና ሙቀት እንዴት እንደሚገናኙ ለማወቅ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገውም። በጠዋት ሹራብ ደርቦ ወደ አዲስ አበባ የተሳፈረ ሰው ግቤ በረሃ ሲወርድ ሹራቡን ያወልቃል፣ ከጅማ ጀምሮ መስኮት ዝጉ ሲል የመጣው ራሱ ክፈቱ ይላል፣ የወረድነው ደሞ ጥቂት መቶ ሜትር ነው።

ይቀንሳል ማለት ምን ማለት ነው? ያ እላይ የተከማቸው ከባድ አየር ወደ ምስራቅ ይሄዳል ወይ ይሳሳል፣ የግፊቱ ልዩነት ይጠባል ማለት ነው። የዛ አገር የትንበያ ሰዎች ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ በረሃው ውስጥ ባለች ዳጌት በምትባል ቦታና በሎስ አንጀለስ ኤርፖርት መሀል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፣ በሚሊባር ይለኩታል። ልዩነቱ ሲቀንስ ንፋሱ ይደክማል፣ የባህሩ አየር ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ጠዋት ጠዋት ዝቅ ያለ ደመና ይታያል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ እርጥበቱ ይጨምራል። ከሐሙስ ጀምሮ ቅዝቃዜ ይመጣል ያለችዎት ይሄንን ነው።

ልተኛ ወይ ላሉት፣ ይተኙ፣ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለቦት። የ2017ቱ እሳት የተነሳው በኛ የገና ዕለት ነው፣ ታህሳስ 29፣ አንዱ ጠዋት ፓሊሴድስ በሚባለው ባህር ዳር ሰፈር፣ ሌላው ማታ አልታዲና በምትባለው ተራራ ስር ከተማ። ተራራው ላይ ንፋሱ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር፣ ያን ምሽት ውሃ የሚረጩት ሄሊኮፕተሮችና አውሮፕላኖች መብረር እስኪያቅታቸው ድረስ። ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ህንፃ ጠፋ፣ ቢያንስ 30 ሰው ሞተ። ንፋሱ ብቻ አይደለም ይሄን ያደረገው፣ ከዛ በፊት በነበሩት ስምንት ወራት መሀል ሎስ አንጀለስ የዘነበው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፣ ጅማ ሐምሌ ላይ በአንድ ከሰዓት ከዛ በላይ ይዘንባል። ሳሩና ቁጥቋጦው እንደ ክብሪት ሆኖ ነው የጠበቀው።

ታዲያ ከገና በኋላ ባሉት ቀናት ንፋሱ ቀነሰ ተባለ፣ እውነትም ቀነሰ። ከዛ ጥር 5 ገደማ ተመልሶ መጣ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደሞ ሶስተኛ ዙር መጣና ጥር 14 ካስታይክ ከሚባል ሀይቅ አጠገብ ሌላ ትልቅ እሳት ተነሳ። ደህና ዝናብ የመጣው ከጥር 17 ጀምሮ ነው፣ ሁለቱ ትልልቆቹ እሳቶች ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ስር ዋሉ የተባለው ጥር 23። ስለዚ ንፋስ ቀነሰ ማለት የዛ ሳምንት ጉዳይ ነው፣ ሳሩ እስኪርስ ድረስ ነገሩ አላለቀም።

ልጆትን ስትደውል እንዲህ ብለው ይጠይቋት፣ ቀይ ባንዲራ የሚሉት የእሳት ማስጠንቀቂያ ቀርቷል ወይ፣ ሌሊት ሌሊት እርጥበቱ ወደ ላይ ተመልሷል ወይ (ሂውሚዲቲ ብለው ስልኳ ላይ ታየዋለች)፣ ዝናብስ ዘንቧል ወይ። ሶስቱንም አዎ ካለችዎት በደንብ ይተኙ። ደሞ የምትኖረው የት እንደሆነ ይጠይቋት፣ እሳቱ የበላቸው ተራራ ስር ያሉ ቁጥቋጦ የሚዋሰናቸው ሰፈሮች ናቸው፣ ፌርፋክስ ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ የሚሉት የኛ ሰዎች ሰፈር ለምሳሌ ከተማው ውስጥ ሜዳ ላይ ነው፣ ለሱ የሚያሰጋው በብዛት ጭሱ ነው። ተራራው ጋ ከሆነች ግን ፓስፖርቷን፣ ወረቀቶቿን፣ መድሀኒት ካላት መድሀኒቷን በአንድ ቦርሳ አድርጋ በሩ አጠገብ ታስቀምጥ፣ የመኪናዋን ነዳጅ ግማሽ ሳይሆን ትሙላ፣ ውጡ ሲባል ደሞ ጎረቤት ምን አደረገ ብላ ሳታይ ትውጣ። ይሄን እናት ስትናገረው ይሰማል።

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ነህ፣ ጅማ ተወልጄ ያደኩ ነኝ ስራዬ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና መንዳት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዛ ወደብ ተሰልፈን ስንጠብቅ ከየብስ በኩል አቧራ የቀላቀለ ንፋስ ይመጣል፣ ከምሲን ይሉታል፣ የጋለ ምጣድ ላይ ፊትህን ያስጠጋህ ነው የሚመስልህ። ጥቅምት ሲገባ ግን እዛው ቦታ ንፋሱ ከባህር መጥቶ ሰው ሰው ይሸታል። ይሄ አሜሪካ አለ ከሚሉት ጋ አንድ ነው? ጎማም በሙቀቱ እየፈነዳብን ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ከየብስ ወደ ባህር ይነፍሳሉ፣ ሁለቱም ከከፍታ ወርደው ነው የሞቁት የደረቁት። ልዩነቱ ወቅቱና ምክንያቱ ላይ ነው፣ ካሊፎርኒያ ያለው በብርድ ወቅት እላይ በተከማቸ ቀዝቃዛ አየር የሚመጣ ነው፣ የጅቡቲው ግን በኛ ክረምት ነው።

እኔን ሁሌ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፣ አንተ እዛ በሙቀት ስትንገበገብ ቤተሰብህ ጅማ በዝናብ ከቤት መውጣት አቅቶታል፣ እና ሁለቱ የአንድ ጉዞ ሁለት ጫፍ ናቸው። ክረምት ላይ ከደቡብ ምዕራብ እርጥብ አየር ይገባል፣ ደጋችን ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል ዝናቡን ያራግፋል፣ ጅማ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ ከዛ ነው የሚጠጡት። ዝናቡን አራግፎ የተራራውን ጀርባ ይዞ ወደ አፋርና ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ባዶውን ነው የሚወርደው፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ እየጨመረ። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ ለዛም ነው። መስከረም ካለቀ በኋላ ንፋሱ ዞሮ ከኤደን ባህረ ሰላጤ በኩል ይመጣል፣ ጥር ላይ ቀኑ 29 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አንተ ሰው ሰው ይሸታል ያልከው።

ጎማውን በተመለከተ፣ ንፋሱን የምትለካው በጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ቀዝቅዞ እያለ ነው። እየነዳህ መጥተህ ጎማው ሲግል ግፊቱ ስለሚጨምር አንዳንዱ ሹፌር በዛ ብሎ ያስተነፍሰዋል፣ እሱ ነው የሚያፈነዳው፣ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል። ጥላ ፈልገህ አቁመህ አሳርፈው እንጂ አታስተንፍሰው። ለራስህም ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ፣ በደረቅ ንፋስ ላብህ ወዲያው ስለሚደርቅ ያላበህ አይመስልህም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከማና ነው የምፅፍልህ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ቡናውን የማደርቀው እኔ ነኝ። እሱ ህዳር ላይ ንፋስ ሲነፍስ ደስ ይለው ነበር፣ ይሄ ንፋስ ነው የሚያደርቅልን ይል ነበር። ዘንድሮም በደንብ ነፍሶ ነበር አሁን ግን ቀነሰ፣ ቀን ፀሐይ አለ ማታ ግን ብርዱ ብሶበታል፣ ጠዋት ሄጄ ሳየው ማድረቂያ አልጋው ላይ ያለው ቡና ውሃ የተረጨበት ይመስላል። አምና በዚ ምክንያት ሻጋታ አለው ተብዬ ዋጋ ወድቆብኛል። ምን ላድርግ? ደሞ በበጋ ዝናብ የሚመጣበት አመት አለ፣ እሱስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ፈጣሪ በገነት ያኑርልን፣ እውነታቸውን ነው። ያ ንፋስ በበጋ ከሰሜን ምስራቅ፣ ከአረብ አገር በኩል የሚመጣ ደረቅ ንፋስ ነው። እላይ ለናትየው ስፅፍ ደረቅ ንፋስን እንደ ጠላት አድርጌ ነው ያወራሁት፣ ላንቺ ግን ዳቦሽ ነው። ከእሸቱ ውስጥ እርጥበቱን በየቀኑ የሚጎትተው ፀሐዩ ብቻ ሳይሆን አልጋው ስርና ላዩ የሚያልፈው ደረቅ አየር ነው፣ ለዛ ነው መሬት ላይ ከተሰጣ ቡና ይልቅ አልጋ ላይ የተሰጣው ቶሎና እኩል የሚደርቀው።

አሁን የሆነብሽን ልንገርሽ። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ማታ ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ የሚመልስለት ደመና የለም። መሬቱ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ደሞ ውሃውን መሸከም ስለማይችል ጤዛ አድርጎ ያወርደዋል። ንፋስ ሲኖር የላዩንና የታቹን አየር ያማስለዋል፣ ጤዛ አይይዝም። ንፋሱ ሲቆም ነው ጤዛው የሚመጣው። ስለዚ ማታ ወጥተሽ ሰማዩ በኮከብ ሞልቶ የባህር ዛፍ ቅጠል እንኳን የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጠዋት ጤዛ እንደሚጠብቅሽ እወቂ፣ ይሄን ለማወቅ አፕም ሬድዮም አያስፈልግሽም።

አሰራሩ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር ምክንያቱም አምና የወደቀብሽ ዋጋ እዚች ጋ ነው የጠፋው። ቡናውን ፀሐይ ከገባች በኋላ ሄደሽ አትሸፍኚ፣ ያኔ ጤዛው ጀምሯል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ቡናው ገና የቀኑ ሙቀት እያለው ሸፍኚው። ፕላስቲኩን በቀጥታ እርጥብ ቡና ላይ አታልብሺው፣ ቡናው ራሱ እርጥበት ስለሚያወጣ ፕላስቲኩ ስር አልቦት ያድራል፣ መጀመሪያ ንፁህ ጆንያ ወይ መረብ አልብሺ ከላዩ ፕላስቲኩን። ጠዋት ደሞ አትቸኩይ፣ ጤዛው ከሳሩ ላይ እስኪጠፋ ጠብቂ፣ 3 ሰዓት አካባቢ ማለት ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ቡናው ሳታፈሺ ከጎን አራግፈሽ ግለጪው። ገና ትኩስ እሸት ከሆነ ውፍረቱ ከሶስት አራት ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጪው። የዛሬውን ለቀማ ከትላንቱ ጋ አትቀላቅዪ፣ ሴቶቹ ሲደክማቸው ያደርጉታል አውቃለሁ፣ ግን ግማሹ ደርቆ ግማሹ እርጥብ የሆነ ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) ነው መጋዘን ውስጥ የሚሻግተው። ጀንፈሉን ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ስትነቀንቂው ፍሬው ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ተቃርቧል፣ የመጨረሻውን ግን በመለኪያ ማሽን አስለኪው፣ ከ11 እስከ 12 ፐርሰንት እርጥበት ላይ ሲደርስ ነው ጆንያ ውስጥ የሚገባው። ጆንያውን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጪ፣ እንጨት ርብራብ ላይ ይሁን፣ ከግድግዳም ራቅ አድርጊው።

የበጋ ዝናብን በተመለከተ፣ ዝናቡ የሚመጣው ነገሩ ከሩቅ ባህር ሲበላሽ ነው። የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊው ጎኑ፣ ማለትም ወደ ሶማሊያ በኩል ያለው፣ ከወትሮው ሲሞቅና ምስራቁ ሲቀዘቅዝ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ምስራቅ አፍሪካ ላይ ዝናብ ይበዛል። በ2012 መጀመሪያ ወራት ላይ ይሄ በጣም በርትቶ ነበር፣ በ2016 ደሞ ኤልኒኖም ተጨምሮበት ጥቅምትና ህዳር ላይ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ዋናው ዱላ ደቡብና ደቡብ ምስራቅ ላይ ነው የሚያርፈው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ ያወጣል፣ በየአስር ቀኑም ለገበሬ የሚሆን መረጃ አለው፣ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቂው ማድረስ ስራው ነው። ከመደበኛው በላይ ዝናብ የሚል ነገር ከሰማሽ ፕላስቲክሽን ለቀማ ሳይጀመር ግዢ፣ ዝናቡ የመጣ ቀን ዋጋው ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በፊት እዚሁ አምድ ላይ አየር ሲወርድ ይሞቃል ብለሃል፣ ክላስም ተምረነዋል። እኔ ግን ዳገቱ ላይ ጅሬን ዘመድ ጋ ሳድር ሌሊቱ ደህና ነው፣ ታች አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያለው ጓደኛዬ ጋ ሳድር ጠዋት ብርዱ አያድርስ ነው፣ ጭጋግም አለ። የወረደ አየር የሚሞቅ ከሆነ ታች ለምን ይበርዳል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስላመጣህ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ሁለት ቦታ ራሱ አድሮ ያወዳደረ ተማሪ ነው እንዲህ የሚጠይቀው። ሁለቱም እውነት ነው። ከጅሬን ዳገት ማታ ማታ የሚወርደው አየር በእርግጥ ይሞቃል፣ ግን የሚወርደው ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር ስለሆነ የሚያተርፈው ሁለት ሶስት ዲግሪ ነው። አወራረዱ ደሞ ቀስ ብሎ፣ መሬቱን እየታከከ ነው፣ መሬቱ በጠራ ሌሊት እየቀዘቀዘ ስለሆነ በመውረድ ያገኘውን ሙቀት መንገድ ላይ ሁሉ ይነጥቀዋል፣ ከዛም በላይ ይወስድበታል። ታች አዌቱና ቦዬ ረግረግ ጋ ሲደርስ መሄጃ አጥቶ እንደ ውሃ ይተኛል፣ እርጥበትም እዛ ስላለ ጭጋግ ይሆናል። ሳንታ አና ግን 1,500 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ስለሚወርድ መሬቱ ሙቀቱን ለመቀማት ጊዜ አያገኝም። ልዩነቱ ቁልቁለቱና ፍጥነቱ ነው።

ጠዋት ከጅሬን ቁልቁል ስታይ የከተማው የማገዶ ጭስ አንድ ከፍታ ላይ ደርሶ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ከላዩ ሞቅ ያለ አየር ክዳን ሆኖበታል፣ ፀሐዩ ታቹን ካሞቀው በኋላ ነው የሚበተነው።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ፣ ሂርማታ። አማቴ ብርድ እንዳይመታሽ ብላ በርና መስኮቱን ዘግታ ማታ ማታ ከሰል ታስገባልኛለች። ከሰሉ ውጪ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የምታስገባው። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አዎ ትልቅ ችግር አለው፣ ዛሬ ማታውኑ አስወጪው። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፣ ቀልቶ ያለ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አይታይም አይሸትም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል፣ ህፃኑን ካንቺ በፊት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከተሰማሽ ቶሎ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ውጪ ውጪና ጤና ጣቢያ ሂዱ። አማትሽ በፍቅር ነው የሚያደርጉት፣ አትጋጫቸው፣ ይሄን አንብቢላቸው። ክፍሉን ማሞቅ ከፈለጉ ቀን ላይ ፀሐይ እንዲገባ መስኮቱን ከፍታችሁ ከ10 ሰዓት በኋላ ዝጉት፣ ማታ ደሞ ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ፍል ውሃ በጎማ ኮዳ አድርጋችሁ ህፃኑ ሳይገባ አልጋውን አሙቁበትና አውጡት፣ ልጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊው።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ፣ ዝናብ መቼ ነው የሚመለስልን? አቧራው ገደለን።

መልስ፦ እኛ ደቡብ ምዕራቡ ላይ ስለሆንን ከሌላው አገር ቀድመን ነው የምናገኘው። ከየካቲት ጀምሮ የሰሜን ምስራቁ ደረቅ ንፋስ እየደከመ ሲሄድ ከደቡብ በኩል እርጥብ አየር መግባት ይጀምራል፣ መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እየበረታ ይሄዳል። አቧራው ያስመርራል ልክ ነህ፣ ግን የቡናው ዛፍ ይሄን ደረቅ ጊዜ ይፈልገዋል፣ እምቡጡ ድርቀቱን ይዞ ይተኛና የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲነካው ነው የሚነቃው። ያ ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በጠዋት ተነስተህ ወደ አጋሮ መንገድ ውጣ፣ ቡናው ሁሉ ነጭ ለብሶ ታገኘዋለህ፣ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል፣ አበባው ሁለት ሶስት ቀን ነው የሚቆየው።